የሚጠብቅ ትምህርት፦ ከላስታ ደጋ የወጣ ማኒፌስቶ

ስለ ላሊበላ የሚጽፍ ሁሉ ከአለቱ ይጀምራል። እኛ ከቅኔ ቤቱ እንጀምራለን፤ አለቱን ቱሪስቱም አይቶታል።

በዋድላና በላስታ የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ እየወደቀ እየተነሣ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ለብቻው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ከዚያ ለየኔታ ይነግራል፣ የኔታም ያርሙታል። የሚፈጥነው ይፈጥናል፣ የሚዘገየው ይዘገያል፤ ወሩ አለቀብህ ብሎ የሚያባርረው የለም። የቀደመው የኋለኛውን ያስቀጽላል። ትምህርቱ በቃል ስለሆነ ዓይነ ስውሩ ከዓይናማው እኩል ተቀምጦ ተምሯል፣ መምህርም ሆኗል። በጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሆነው ቅኔ አስተምረዋል።

አቡጊዳንም ተመልከቱ። ሕፃኑ ሀሁን እንደ ዜማ ሸምድዶ ፊደሉን ሳያይ ሲያንበለብል፣ አቡጊዳ ትመጣና ተራውን ታዘበራርቅበታለች፤ ያን ጊዜ በቃሉ የያዘውና ለይቶ ያወቀው ይለያያሉ። ይህን ያሰበ ሰው፣ ስሙ ባይደርሰንም፣ የትምህርት ንድፍ ባለሙያ ነበር። ማን ነው የሚማረው? ምን ያግደዋል? በየት በኩል ብንወስደው ይደርሳል? የትምህርት ንድፍ ማለት ይህን ሁሉ ክፍሉ ሳይከፈት መጨነቅ ነው።

የአብነት ትምህርት ቤቱን ግን አናመልክም። አለንጋውን እናውቃለን። መስማት የተሳነው ልጅ እዚያ ቦታ አልነበረውም፤ የእማሆይ ገላነሽ ስም ተደጋግሞ የሚጠራውም ሴት የቅኔ መምህር ብርቅ ስለሆነች ነው።

ኋላ ፕላዝማ የምንለው ቴሌቪዥን መጣ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ይፈስ ነበር። ይጠይቀናል፤ እስክሪብቶ ሳናነሣ ጎበዝ ብሎን ያልፋል። መምህራችን ጥግ ቆመው እንደ እኛው ተመልካች ሆኑ። መብራት ሲጠፋ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል፤ በማግስቱ ስክሪኑ ሲበራ የትናንቱን አይመልስም። ዕቃው ውድ ነበር፣ መጠበቅ ግን አያውቅም። ብዙዎቻችን ከዚያ ክፍል የወጣን ነን፤ ይህን የትምህርት ንድፍ እንቅስቃሴያችንን የወለደውም የዚያን ጊዜው እልህ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ገባ፤ መብራቱም ስልኩም ለወራት ተቋረጠ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል በግጭት ታመሰ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ስለዚህ ኦንላይን ተማሩ የሚለን ሰው ለማን እንደሚናገር አይገባንም። ኔትወርክ ሲመጣ ደስ ይለናል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሞት ትምህርት ግን አንነድፍም።

ያለን ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ነው። ገበሬው አህያውን ነድቶ ይወርዳል፣ ገብሱን ይሸጣል፣ ስልኩን ቻርጅ ያስደርጋል፣ ሞባይል ቤት ገብቶ ሜሞሪው ላይ መዝሙርና ዘፈን ያስጭናል። ከመዝሙሩ ጎን የአራተኛ ክፍል ሳይንስ ለምን አይጫንም? አሥር ደቂቃ የማይሞላ፣ በአማርኛ፣ ጥያቄ ጠይቆ ዝም የሚል የድምፅ ትምህርት። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ያቆመዋል፣ ይመልሰዋል፣ ለጓደኛው ይነግረዋል፤ ቅኔ ነገራ ይሏል ይኸው ነው! በአጨዳ ወር የቀረ፣ በገና ሰሞን የተሳላሚ እግር ሲያጥብና እንግዳ ሲያስተናግድ የሰነበተ ልጅም ተመልሶ ያገኘዋል።

ድምፁ ግን ለሁሉ አይደርስም። መስማት ለተሳናት ልጅ የእኛው ትምህርት ራሱ የተዘጋ በር ነው፤ ያንኑ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በቪዲዮ እስካልቀረጽነው ድረስ አለቀ አንልም። ለዓይነ ስውር ተማሪ የመጽሐፍ ፎቶ በፒዲኤፍ መላክም ባዶ ወረቀት መላክ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ በድሮ ፎንት የተተየበ ጽሑፍ ግን ዛሬም ከየኮምፒዩተሩ አልጠፋም። እንደ ኤንቪዲኤ ያለ የስክሪን አንባቢ እሱን ሲያገኝ የላቲን ፊደል ትርምስ ይለፈልፋል። በዩኒኮድ መተየብ ሳንቲም አያስወጣም። የሚያስፈልገው ትንሽ ኀፍረት ነው።

የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ አማራ ሳይንት፣ ወሎ ተወለደች፤ በአምስት ዓመቷ ዓይኗ ጠፋ፤ ለመማር ወሎን ለቅቃ ሻሸመኔ ድረስ መሄድ ነበረባት። በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። እንኮራባታለን። ግን ሻሸመኔ የሚያደርሳት አጥታ ጓዳ የቀረችው ልጅ ስም ማን ነው? ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶችን ስምምነት በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች፤ ስምምነቱ ግን በእግሩ ላስታ አይወጣም።

በ1984 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተቋቋመው ካስት የተባለ የትምህርት ድርጅት ያስፋፋው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ መንገዱን ስትሠራ ከመጀመሪያው ለልዩ ልዩ ሰው ሥራው፣ ኋላ አትለጥፍ። እንቀበለዋለን። የእኛ ጭማሪ፣ ዓይነ ስውሩ መምህርና ምልክት ቋንቋ ተናጋሪዋ ሴት ያለቀ ሥራ እንዲያዩልን አንጠራቸውም፤ የመጀመሪያው ገጽ ሲጻፍ አብረውን ይቀመጣሉ። የትምህርት ንድፍ ባለሙያ ለመሆን የምትፈልግ ወጣት ዲግሪው እስኪመጣ አትቀመጥ። ከክፍልሽ የቀረውን አንድ ልጅ ፈልጊ፣ ቤቱ ሂጂ፣ ምን እንዳስቀረው ጠይቂ፣ ለእሱ አንድ ትምህርት ሥሪ፤ ካልገባው ጥፋቱ የትምህርቱ ነውና አፍርሰሽ ድገሚው።

ለመምህራን፦ አንድ ምዕራፍ ስጡን፣ በስልካችሁ ቅዱልን። ለየኔታ፦ ደቀ መዝሙር እንዴት እንደሚጠበቅ ያስተምሩን። አንተም ሞባይል ቤት ያለህ ወንድማችን፣ የፊታችን ቅዳሜ መዝሙር ስትጭን አንድ ፎልደር ባዶ ተውልን፤ ስሙን «ትምህርት» በለው፣ በዩኒኮድ።