የድሬዳዋ ዛፍና የድሬዳዋ ነጋዴ

በግንቦትና በሰኔ፣ የድሬዳዋ ሙቀት ከወራቱ ሁሉ በሚበረታበት ጊዜ፣ በከዚራ መንገዶች ግራና ቀኝ ከአናቱ እስከ ቅርንጫፉ ጫፍ ቀይ አበባ የሚለብሰውን ዛፍ የማያውቅ የከተማዪቱ ነጋዴ አይገኝም። በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ይህ ዛፍ «የድሬዳዋ ዛፍ» ተብሎ ይጠራል። አንዲት ከተማ ስሟ ለዛፍ ተሰጥቶ በዛፉ ስትታወስ ትልቅ ክብር ነው፤ በንግድ ቋንቋም ሲነገር ያለ ዋጋ የተገኘ ማስታወቂያ ነው። ዳሩ ግን ዛፉ ስሙን በወሰደባት ከተማ፣ ይልቁንም በሱቆች ደጃፍ፣ የሚደረግለት አያያዝ ይህን ክብር የሚመስል አይደለም።

ዛፉ በትውልዱ የድሬዳዋ አይደለም፤ የኢትዮጵያም አይደለም። የትውልድ አገሩ የማዳጋስካር ደሴት ነው። ቦየር የተባለ የቦሄሚያ ተወላጅ የዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ዓመታት በዚያ አገኘው፤ በ1829ም በእንግሊዝ አገር ታትሞ በወጣ ጽሑፍ ለሊቃውንት ታወቀ። የሳይንስ ስሙ ዴሎኒክስ ሬጂያ ሲሆን፣ ሬጂያ ማለት ንጉሣዊ ማለት ነው። ፈረንሳዮች ደግሞ ፍላምቧያን ይሉታል፤ ይኸውም የሚንበለበል ማለት ነው። ወገኑ ከባቄላና ከአተር ነው፤ ይህንንም ፍሬውን ያየ ሰው ይረዳዋል። የባቄላ እሸት ግማሽ ሜትር ያህል ረዝሞ፣ ጠፍጥፎ፣ እንደ እንጨት ቢጠነክር የዚህን ዛፍ ፍሬ ይመስል ነበር። ሮቃ የሩቅ ዘመዱ ነው። የቅርብ ዘመዱ ግን በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላ በዱር የሚበቅለው፣ አበባው ነጭ ሆኖ ፈክቶ ወደ ብጫ የሚለወጠው ዴሎኒክስ ኤላታ ነው፤ ስለዚህ እንግዳው ወደዚህ ሲመጣ ፈጽሞ ዘመድ ከሌለው አገር አልገባም።

የድሬዳዋ ዛፍ የተባለበትን ምክንያት ለመረዳት ነጋዴ ብዙ አይቸገርም። የሐረር ቡና በዓለም ገበያ ለብዙ ዘመን ከሞካ ስም ጋር ተጣምሮ የተጠራው ሞካ ላይ ስለ በቀለ አይደለም፤ ገዢው በሞካ ወደብ ስም ስለ ለመደው ነው። የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደርሶ ድሬዳዋ ተቈረቈረች፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ሐዲዱ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲህ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ደገኛ መንገደኛ ድሬዳዋ ላይ ያድር ነበር። የደጋው ብርድ የማይስማማውን ይህን ዛፍ በመጀመሪያ በብዛት ያየው እዚሁ ሳይሆን አይቀርም፤ ስሙንም ካየበት ስፍራ ሰጠው።

የዛፉን ጥቅም ብዙ ሰው በውበቱ ብቻ ይመዝነዋል። ነጋዴ ግን በሌላ ሚዛን ቢመዝነው ይሻላል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ቆላ ከተማ ናት። ረፋዱ ካለፈ በኋላ ፀሐይ በሚመታው ደጃፍ ቆሞ ጨርቅ የሚያማርጥ፣ ዋጋም የሚከራከር ገዢ የለም፤ የሚፈልገውን ጠርቶ ወስዶ፣ ወይም ሳይወስድ፣ ይሄዳል። ጥላ ባለበት ደጃፍ ግን ይቆማል፤ የቆመ ሰው ይጠይቃል፤ የጠየቀም ሰው ብዙ ጊዜ ይገዛል። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። በአንድ መንገድ ፊት ለፊት ካሉ ሁለት ሱቆች፣ አንዱ ዛፍ ያለው ሌላው የሌለው፣ በቀትር ሰዓት በደጃፋቸው ስንት ሰው እንደ ቆመ ሻይ ቤት ተቀምጦ መቍጠር ይበቃል።

ጉዳዩ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ይብሳል። ቀድሞ መንገደኛው ከባቡር የሚወርደው በከዚራ ነበር፤ ከጣቢያው ወጥቶ ጥቂት እንደ ተራመደ ሱቅ ያገኝ ነበር። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ የያዘው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር ግን መንገደኛውን የሚያወርደው ከከተማው ወጣ ባለ ጣቢያ ነው። ስለዚህ ወደ ከዚራ የሚመጣው ሰው አስቦበትና ለባጃጅ ከፍሎ የሚመጣ ነው፤ በእግሩ ዘና ብሎ የሚዘዋወርበት መንገድ ካላገኘም ሁለተኛ አይመጣም።

ሸራ መዘርጋት ይበቃል የሚል አለ። ሸራ በፀሐይ ይበጣጠሳል፤ በነፋስ ይቀደዳል፤ በመዝገብ ላይ ሁልጊዜ ከወጪ በኩል የሚጻፍ ነው። ቆርቆሮም ሙቀቱን ከላይ ተቀብሎ ወደ ታች ይመልሰዋል። ዛፍ ግን ዕድሜው በጨመረ ቍጥር ዋጋው የሚጨምር ንብረት ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛ የእርጅና ተቀናሽ የማይጽፍበት የሱቅ ዕቃ ከእርሱ በቀር መኖሩ ያጠራጥራል።

ታዲያ ይህ ንብረት እንዴት ተይዟል? የእግረኛ መንገድ ሲነጠፍ ሲሚንቶው እስከ ግንዱ ድረስ ይፈስሳል። ሥሩም ውኃና አየር አጥቶ ይዳከማል፤ ወይም ንጣፉን ሰብሮ ይወጣና «ዛፉ መንገድ አበላሸ» ተብሎ ይከሰሳል። ማስታወቂያ በምስማር ይመታበታል፤ የተቃጠለ የመኪና ዘይትና የሳሙና እጣቢ ከሥሩ ይደፋበታል። (የቡናው አተላ እንኳ ባልከፋ ነበር።) ከሁሉ የከፋው ግን የሱቁ ሰሌዳ እንዲታይ ተብሎ አናቱን መቍረጥ ነው። የዚህ ዛፍ እንጨት በተፈጥሮው ደካማ ነው። አናቱ የተቈረጠ እንደ ሆነ ከቍስሉ ዙሪያ ብዙ ቀጫጭን ቅርንጫፎች በአንድ ጊዜ ይወጣሉ፤ እነዚህም ከግንዱ ጋር በጽኑ አልተጋጠሙምና ሲወፍሩና ሲከብዱ በነፋስ ተገንጥለው ይወድቃሉ። ስለዚህ አናቱን ያስቈረጠ ባለ ሱቅ ሰሌዳው ለጥቂት ጊዜ ይታይለታል፤ ከዚያ በኋላ ከቀድሞው የበለጠ ጥቅጥቅ ያለ ቅጠልና ከቀድሞው የበለጠ አደጋ ይቀበላል። ብልሃቱ ሌላ ነው። ዛፉ ገና ልጅ ሳለ የታችኞቹን ቅርንጫፎች በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያነሡ ግንዱን እስከ ሦስት ሜትር ድረስ ማጽዳት፣ ሰሌዳውንም ከጥላው ሥር መስቀል ነው። ገዢ ሰሌዳ የሚያነብበው አንገቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ አይደለም።

አዲስ ለመትከል ለሚያስብ ነጋዴ ሥራው ከባድ አይደለም፤ ነገር ግን ወግ አለው። በበጋ ዛፉ ቅጠሉን ሲያራግፍ ጠቍሮ የደረቀው ፍሬ እንደ ሰይፍ ሰገባ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ነፋስ ሲያወዛውዘውም ይንሿሿል። ከውስጡ የሚወጣው ዘር ሞላላና እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው፤ እንዲሁ ቢዘሩት ሳይበቅል ብዙ ጊዜ ይቀመጣል። ስለዚህ የዘሩን ልብስ በአንድ ወገን በሞረድ ወይም በሻካራ ድንጋይ ፈግፍጎ ማሳሳት፣ አለዚያም ፈልቶ ከእሳት የወረደ ውኃ አፍስሶበት እስከ ማግስቱ መተው ያስፈልጋል። ያበጠው ይዘራል፤ ያላበጠው እንደገና ይፈገፈጋል። በጥር ወይም በየካቲት በላስቲክ ተዘርቶ ውኃ ካልተለየው ለሐምሌ ዝናብ የሚደርስ ችግኝ ይሆናል። በላስቲክ ውስጥ ከልክ በላይ የቆየ ችግኝ ሥሩ ተጠምጥሞ ስለሚቀር ረጅሙን መምረጥ ስሕተት ነው፤ ገዢዎች ግን ዘወትር ረጅሙን ይመርጣሉ፤ ሻጩም አይነግራቸውም።

ጉድጓዱ በስፋትም በጥልቀትም ግማሽ ሜትር ያህል ይሁን። ከግድግዳ፣ ከውኃ ቧንቧና ከፍሳሽ መውረጃ ቢያንስ አምስት ሜትር፣ ከሌላው ዛፍ ዐሥር ሜትር ይራቅ፤ ምክንያቱም የጎለመሰው ዛፍ ቁመቱ ከ10 እስከ 15 ሜትር ይደርሳል፤ ጥላው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከቁመቱ ይሰፋል፤ ሥሩም ወደ ታች ከመጥለቅ ይልቅ ወደ ጎን ይሄዳል። በግንዱ ዙሪያ ያልተነጠፈ መሬት ይተውለት። ፍየል በድሬዳዋ መንገድ እንደ ልቧ የምትሄድ ስለ ሆነች ችግኙ ከሰው ቁመት እስኪያልፍ ድረስ አጥር ሊለየው አይገባም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በውኃው ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚረጭ ውኃ ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሙቀቱ በሚጠናበት ወራትም ሁለት ጊዜ፣ መሬቱ እስኪጠግብ ማጠጣት ይበልጣል። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት በጋዎች በኋላ ግን ዛፉ ድርቅን ስለሚችል ራሱን ያስተዳድራል። ፍግ ማብዛት ቅጠል ያበዛል እንጂ አበባ አያመጣም። አበባውን ለማየት ትዕግሥት ያሻል፤ ከዘር የበቀለ ዛፍ እንደ መሬቱና እንደ እንክብካቤው ቢፈጥን በአምስት ዓመት ገደማ፣ ቢዘገይ ከዐሥር ዓመት በኋላ ያብባል። ጥላው ግን አበባውን ይቀድማል። አበባው ሲመጣ ካሉት አምስት ቅጠሎች አራቱ ቀያይ ናቸው፤ አምስተኛው ቀና ብሎ የቆመና ነጭና ብጫ ዝንጕርጕር ያለበት ነው፤ በችኮላ የሚያልፍ ሰው አያስተውለውም።

ዛፉ ጕድለት የለውም ማለት ሐሰት ነው። በበጋ ራቁቱን የሚቆምበት ጊዜ አለ። ትንንሾቹ ቅጠሎች የጣራ አሸንዳ ይሞላሉ። በመጋላ ጠባብ መንገዶች፣ ሱቅና ሱቅ በተጠጋጋበት፣ ይህን ዛፍ መትከል ስሕተት ነው፤ በዚያ ተተክሎ ግድግዳ ከሚሰነጥቅ ሳይተከል መቅረቱ ይሻላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለውን የደቻቱን ጎርፍ የመሰለ አደጋ ከላይ ከተራራው ለመቀነስም ይህ የመንገድ ዛፍ አይሆንም፤ ለተራራው የአገሩ ዛፍ ነው የሚስማማው። የዚህ ዛፍ ስፍራው ሰፊ መንገድ፣ የመጋዘን ግቢ፣ የመኪና ማቆሚያና የሆቴል ደጃፍ ነው። አንዳንዶች ደግሞ «ከውጭ የመጣ ነውና እንደ ፕሮሶፒስ አገሩን ይወርራል» ብለው ይፈራሉ። ፕሮሶፒስ የተዛመተው ጣፋጭ ፍሬውን የሚበሉ ከብቶች ዘሩን በየሄዱበት ስለሚጥሉት ነው። የዚህኛው ፍሬ ግን እንደ እንጨት የደረቀ ስለ ሆነ ከእናቱ ሥር ወድቆ ይቀራል።

ችግኝ መትከል ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ የአገር ልማድ ሆኗል፤ ይህም መልካም ነው። ዳሩ ግን ዘመቻው በክረምት ነው፤ ችግኝ የሚሞተው በበጋ ነው። በሐምሌ አካፋ ይዞ የሚወጣው ሰው ብዙ ሲሆን በኅዳር ጀሪካን ይዞ የሚመለሰው ጥቂት ነው። ይህን ለማዘጋጃ ቤት ብቻ መተው አይገባም። በሱቅ ደጃፍ ለሚቆም ዛፍ ከባለ ሱቁ የቀረበ ጠባቂ የለም፤ ጠዋት ጠዋት አቧራ ለማብረድ ከሚረጨው ውኃ ጥቂቱ ቢጠራቀም ለችግኙ ይበቃል።

ንግድ ምክር ቤቱም ሁለት ነገር ቢያደርግ ይጠቅማል። በደጃፉ ዛፍ የተከለ አባል በስሙ ይመዝገብ፤ ሦስተኛው በጋ ካለፈ በኋላም ዛፉ ቆሞ እንደ ሆነ ይታይ፤ ምስጋና የሚሰጠውም ለተተከለው ሳይሆን ለቆመው ይሁን። እንደዚሁም የእግረኛ መንገድ ከመነጠፉና ለመብራት ሽቦ ቅርንጫፍ ከመቈረጡ አስቀድሞ ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ጋር ተነጋግሮ፣ በግንዱ ዙሪያ ክፍት መሬት እንዲቀር፣ የሚገርዘውም ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዲሆን ያስደርግ።

አንድ እውነተኛ ችግር ይቀራል። ብዙው ነጋዴ የሱቁ ባለቤት ሳይሆን ተከራይ ነው፤ ዐሥር ዓመት የሚቆይ ነገር ለሌላ ሰው ግንብ ለምን ይተክላል? ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ በምክርም አይመለስም። የሚመለሰው በኪራይ ውል ነው። ውሉ ሲታደስ አንድ መስመር ቢጨመርበት፣ ይኸውም ችግኙን ተከራዩ እንዲያጠጣና እንዲጠብቅ፣ ባለቤቱም ለአጥሩና ለግረዛው የሚወጣውን ከኪራዩ እንዲቀንስለት፣ ከሁለቱ አንዱ ያለ ሌላው ፈቃድ ዛፉን እንዳይቈርጥ ቢጻፍ፣ ሁለቱም የሚጠቀሙበት ነው። ይህን መስመር ለመጻፍ ጠበቃ አያስፈልግም፤ ውሉን የሚገለብጠው ጸሓፊ ይበቃል።