ድካም ሁሉ ስንፍና አይደለም

በወታደር ቤት ድካም እንግዳ ነገር አይደለም። ረጅም ጉዞ የተጓዘ ይደክመዋል፤ ሌሊቱን ዘብ ቆሞ ያደረም ይደክመዋል፤ ጥቂት ሲያርፍ ግን ይበረታል። በዚህ ሳምንት በቤተሰብ ማእዘናችን የምንመለከተው ድካም ከዚህ የተለየ ነው። ሥራ ሳይሠሩ ይመጣል፤ ተኝተው ቢነሡም አይለቅም። ከበሽታው ምልክቶች አንዱ ነውና። በሽታው መልቲፕል ስክሌሮሲስ ይባላል፤ «ብዙ ጠባሳ» እንደ ማለት ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርተን ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1868 ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑን ለይቶ ገልጾታል።

የመስክ ስልክ የዘረጋ የመገናኛ ወታደር ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። የሽቦው ልባስ ከተላጠ መልእክቱ ይቆራረጣል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይደርስም። በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉት የነርቭ ክሮችም ማይሊን የሚባል ልባስ አላቸው። በዚህ በሽታ፣ ሰውነትን ሊጠብቅ የተሰለፈው የመከላከያ ኃይል ወገኑን ከጠላት መለየት ይሳነውና ይህንኑ ልባስ ያጠቃል። ጉዳቱ በዐይን ነርቭ ላይ ከሆነ እይታ ይደበዝዛል፤ በኅብለ ሰረሰር ላይ ከሆነ እግር ይዝላል። ሁለት ሕሙማን አንድ ዓይነት ምልክት የማያሳዩትም ስለዚህ ነው።

ስለ መንሥኤው ከተገኙት ታላላቅ ማስረጃዎች አንዱ የመጣው ከወታደሮች ደም ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ጦር አባላትን የ20 ዓመት መረጃ መርምሮ፣ ኤፕስታይን ባር በተባለው ቫይረስ የተያዘ ሰው ለዚህ በሽታ የመጋለጥ ዕድሉ 32 እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል። ቫይረሱ ግን አብዛኛውን የዓለም ሕዝብ የሚይዝ በመሆኑ ብቻውን በሽታውን አያመጣም። የዘር ተጋላጭነት፣ የቫይታሚን ዲ ማነስና ሲጋራ ማጨስም ድርሻ አላቸው። ስለሆነም በሽታው እርግማን አይደለም፤ የቡዳ ሥራም አይደለም፤ ከባል ወደ ሚስት፣ ከእናት ወደ ሕፃን በንክኪ አይተላለፍም።

ይህን ጉዳይ ከናይሮቢ ጋር አያይዘን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የምሥራቅ አፍሪካ ተጠባባቂ ኃይል ሴክሬታሪያት በናይሮቢ ካረን ሠፈር ይገኛል፤ በከተማዪቱም ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ናይሮቢ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 1 ዲግሪ ያህል ብቻ ትርቃለች። በሽታው ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች ስለሚበዛ «የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል አስተሳሰብ ሥር ሰዷል። ብርቅ ነው ማለት ግን የለም ማለት አይደለም፤ በኬንያም በኢትዮጵያም ሕሙማን አሉ። ጠላት በዚህ በኩል አይመጣም ብሎ ያላሰበ ዘብ እንደሚታለል ሁሉ፣ በሽታውን ያልጠበቀ ቤተሰብም ዓመታት ያልፉበታል።

በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ይኸውም የወታደርነትና የትዳር ዕድሜ መሆኑ ነው። ሴቶችን ከወንዶች ቢያንስ በእጥፍ ያጠቃል። አንድ ዐይን እያመመ ቢደበዝዝ፣ እጅ ወይም እግር ደንዝዞ ለቀናት ቢቆይ፣ አንገት ሲደፋ እንደ ኤሌክትሪክ ያለ ንዝረት በጀርባ ቢወርድ፣ ሚዛን ቢጠፋ፣ ሽንት መቆጣጠር ቢያስቸግር ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ምልክቱ በራሱ መጥፋቱ አያዘናጋ፤ በብዙዎች ላይ በሽታው በመጀመሪያ መጣ ሄደት እያለ ነው የሚጓዘው።

በናይሮቢ የኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታልና የአጋ ካን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የነርቭ ሐኪሞች አሏቸው። የኤም አር አይ ምርመራ፣ ሲያስፈልግም የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ምርመራ ይደረጋል። ኒውሮማይላይተስ ኦፕቲካ የሚባል ተመሳሳይ በሽታ ስላለና የአንዱ መድኃኒት ሌላውን ሊያባብስ ስለሚችል በግምት መታከም አደገኛ ነው። በሽታውን ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም፤ የጥቃቱን ድግግሞሽ የሚቀንሱ ግን አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ክላድሪቢን፣ ግላቲራመር አሲቴትና ሪቱክሲማብ የተባሉትን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ዋጋቸው ለብዙ ቤተሰብ ከባድ በመሆኑ ይህ ውሳኔ ትርጉሙ ቀላል አይደለም።

ከሐኪም ቤት መልስ ያለው ትግል የሚካሄደው በቤት ውስጥ ነው። በናይሮቢ ከምናውቃቸው ቤቶች በአንዱ ባለቤቲቱ እንጀራ ጋግራ ስትነሣ እግሯ ይከዳት፣ ዐይኗ ይጨልምባት ነበር። ባልየው «ሰነፍሽ» ይላት ነበር፤ እሷም ራሷን ሰነፍ ማለት ጀምራ ነበር። በኋላ ሐኪሙ የሰውነት ሙቀት ሲጨምር የተጎዳው ነርቭ መልእክት ማስተላለፍ እንደሚያቅተው፣ ሰውነት ሲቀዘቅዝም ምልክቱ እንደሚቀንስ አስረዳቸው። ከዚያ ወዲህ እንጀራው ከሐበሾች ሱቅ ይገዛል፤ ከባዱ ሥራ በማለዳው ቅዝቃዜ ይሠራል፤ በሞያሌ መንገድ አገር ቤት ሲመጡም የኢሲዮሎን ቆላ ቀትር ላይ እንዳያቋርጡ ጉዟቸውን ያቅዳሉ። በሽታው ከቤቱ አልወጣም፤ ስድቡ ግን ወጥቷል።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ሕመምተኛው የቀኑን ጉልበት እንደ ስንቅ መጥኖ ይጠቀም፤ ሐኪሙ በፈቀደው መጠን የአካል እንቅስቃሴ ያድርግ፤ ሲጋራ ይተው፤ ትኩሳት ሲይዘው ፈጥኖ ይታከም። ጠበል የሚጠመቅ ቢሆን መድኃኒቱን አያቋርጥ። ለማርገዝ የምታስብ ሴት አስቀድማ ከሐኪሟ ጋር ትምከር፤ በሽታው ብቻውን እናትነትን አይከለክልም። አለቆችም «አስመሳይ» ብለው ከመፍረዳቸው በፊት የበታቾቻቸውን ወደ ሐኪም ይላኩ።

የቆሰለ ጓዱን በሜዳ ጥሎ የሚሄድ ወታደር በመካከላችን ክብር የለውም። ቁስሉ በዐይን የማይታየውንም ጓድ፣ በጦር ሜዳ ይሁን በማድ ቤት፣ ልንጥለው አይገባንም።