በደቻቱ አሸዋ ላይ

በ1998 ዓ.ም. ክረምት በደንገጎ ተራሮች የዘነመው ዝናም በሌሊት ደቻቱን ሞልቶ፣ ከ200 የሚበልጡ የድሬዳዋ ሰዎችን እንደ ማየ አይኅ ጠርጎ መውሰዱ ከልቤ ሳይጠፋ፣ በዚያው ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ጆንያ አንጥፈው ቲማቲማቸውን በመደብ በመደብ ሲደረድሩ፣ ደመና በተራራው ጫፍ ላይ በጠቆረ ቁጥርም ቀና ብለው እያዩ ወደ ድርደራቸው ሲመለሱ ተመለከትሁ። ይህን አለማወቅ ነው የሚሉትን ከቶ አልቀበልም፤ ጎርፉ በዘመናት መካከል የሚመጣ መዓት ሲሆን ረኃብ ግን በየማለዳው ደጅ የሚመታ ነውና፣ እኒያ እናት ሁለቱን ፍርሃቶች ከእኛ ይልቅ አጥርተው መዝነዋቸዋል። ወደ ከፍታው ስለ ምን እንደማይወጡ ብጠይቃቸው፣ አንዱን ቲማቲም በነጠላቸው ጫፍ እየወለወሉ፣ «ልጄ፣ ገበያተኛው የሚያልፈው በዚህ ነው» አሉኝ።