ትንሽ ፈረስ ሁሉ ውርንጭላ አይደለም

የቤት እንስሶቻችን

ዛሬ ስለ ፈረስ እናነባለን። ፈረስን ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገር ግን በቁመቱና በዕድሜው ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስሕተቱም ገንዘብ ያስከፍላል፤ እንስሳውንም ይጎዳል።

እስቲ እንዲህ እንበል። ሁለት ጎረቤታሞች ደባርቅ ገበያ ሄዱ። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፈረስ ገዙ። ሁለቱም ፈረሶች ዳማ ናቸው። ሁለቱም አጭር ናቸው። ቁመታቸውም እኩል ነው።

አንደኛው ሰው፣ «ይህ ገና ልጅ ነው፤ ያድግልኛል» አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም ሳይጭንበት ቀለበው። ፈረሱ ግን አንዲት ጣት እንኳ አልጨመረም። ለካስ ሲገዛው የ7 ዓመት ፈረስ ኖሯል።

ሁለተኛው ሰው ደግሞ፣ «የእኛ አገር ፈረስ አጭር ነው፤ ይህም አድጎ ጨርሷል» አለ። በሳምንቱ አንድ ኩንታል ገብስ ጫነበት። ዳገቱንና ቁልቁለቱን አመላለሰው። ክረምት ሳይገባ የፈረሱ ጀርባ ጎደጎደ። እግሩም አነከሰ። ለካስ ገና የ2 ዓመት ፈረስ ኖሯል።

ሁለቱም ቁመቱን አዩ። አፉን ከፍቶ ያየ ግን የለም።

ድንክ ፈረስ ምንድን ነው?

የፈረስ ቁመት የሚለካው ከመሬት አንሥቶ፣ ጋማው እስከሚያልቅበት ጉብታ ድረስ ነው። አንገቱና ራሱ አይቆጠሩም። በብዙ የውጭ አገሮች፣ አድጎ የጨረሰ ፈረስ ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ48 ሳንቲ ሜትር ካልበለጠ ድንክ ፈረስ ይባላል።

ድንክ ማለት ልጅ ማለት አይደለም። ውርንጭላ ያድጋል። ድንክ ፈረስ ግን አድጎ የጨረሰ ነው። ምንም ቢቀልቡት ቁመት አይጨምርም።

በዚህ መለኪያ ከሄድን፣ በወገራ፣ በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ የምናያቸው አብዛኞቹ ፈረሶች ከድንክ ወገን ይቆጠራሉ። እኛ ግን ፈረስ እንላቸዋለን። ይህም ነውር የለበትም። አይስላንድ በምትባል የብርድ አገርም ፈረሱ አጭር ነው። ባለቤቶቹ ግን ድንክ ሲባልባቸው አይወዱም፤ «ፈረስ ነው» ይላሉ።

ለምን አጭር ሆነ?

ደጋ አገር ብርድ ነው። በበጋ ሣር ያንሳል። መንገዱም ገደል ነው። በዚህ አገር ትልቅ ገላ ያለው ፈረስ ብዙ መኖ ይፈልጋል፤ ካላገኘ ይከሳል። ትንሽ ገላ ያለው ግን በጥቂት መኖ ይኖራል፤ ይወልዳል፤ ይራባል። በብዙ ትውልድ አጭሩ እየበዛ ይሄዳል።

ስለዚህ ልዩነቱ ቁመት ብቻ አይደለም። ድንክ ፈረስ እግሩ ከገላው ጋር ሲተያይ አጭር ነው። ደረቱና ጎድኑ ሰፊ ነው። አንገቱ ወፍራም፣ ጋማውና ጭራው ብዙ ነው። ኮቴው ጠንካራ ነው። በሩጫ ረጅሙ ፈረስ ይበልጠዋል። በዳገትና በብርድ ግን ድንኩ ይበረታል። ከእንግሊዝ አገር በስተሰሜን ሸትላንድ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። የዚያ ፈረስ ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ7 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ይሁን እንጂ ከመሬት በታች በድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ጋሪ ሲስብ ኖሯል።

ዕድሜውን እንዴት እናውቃለን?

አፉን ከፍታችሁ የፊተኞቹን 6 የታች ጥርሶች እዩ። የወተት ጥርስ ትንሽና ነጭ ነው። የሚተካው ጥርስ ትልቅና ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው።

የመካከለኞቹ 2 ጥርሶች በ2 ዓመት ተኩል ገደማ ይለወጣሉ።
ከእነርሱ ግራና ቀኝ ያሉት 2 ጥርሶች በ3 ዓመት ተኩል ገደማ ይለወጣሉ።
ዳርና ዳር ያሉት 2 ጥርሶች በ4 ዓመት ተኩል ገደማ ይለወጣሉ።

እንግዲህ 6ቱም ተለውጠው ከሆነ ፈረሱ ወደ 5 ዓመት ቀርቧል፤ ወይም አልፏል። እግሩንም እዩ። የልጅ ፈረስ እግሩ ረጅም፣ ገላው ቀጭን ነው። እግሩ ለገላው የበዛ ይመስላል።

ጭነቱ ስንት ይሁን?

የፈረስ የጀርባ አጥንት ጠንክሮ የሚያልቀው 5 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ስለዚህ ልጁን ፈረስ ቀስ አድርጋችሁ አለማምዱት እንጂ ከባድ ጭነት አትጫኑት። ላደገውም ቢሆን ልክ አለው። የእንስሳት ባለሙያዎች የሚመክሩት፣ ኮርቻውን ጨምሮ ከፈረሱ ክብደት አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ፈረሱ 250 ኪሎ ቢመዝን 50 ኪሎ ማለት ነው። እንግዲያውስ አንድ ኩንታል የአንድ አጋሰስ ጭነት አይደለም፤ የሁለት ነው።

ደግሞም «ደክሟል» ብላችሁ በአንድ ጊዜ ብዙ ገብስ አትስጡት። ሆዱን ይነፋዋል። ኮቴውንም ከውስጥ ያሳምመዋል። ድንክ ፈረስ ለዚህ በሽታ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

የጎንደር ሰው ፈረስን ማክበር ዛሬ አልጀመረም። በጎንደር ከተማ፣ ጥምቀት በሚከበርበት በፋሲል መዋኛ አጠገብ፣ አንድ ትንሽ ክብ ግንብ አለ። ዞብል የሚባል የንጉሥ ፈረስ መቃብር ነው ይባላል። በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስም በፈረሳቸው ስም አባ ታጠቅ ይባሉ ነበር። ለንጉሥ ስም የሆነ እንስሳ ለእኛ ጀርባውን ሰጥቶናል። እኛ ደግሞ ጀርባውን እንጠብቅለት።

ከእንግዲህ ፈረስ ስትገዙ ሻጩን ከመስማታችሁ በፊት ጥርሱን ቁጠሩ።

አዳዲስ ቃላት
አጋሰስ፦ ጭነት የሚጫን ፈረስ።
ድንክ፦ ዕድገቱን ጨርሶ አጭር የሆነ።

ጥያቄዎች
1. ሁለቱ ጎረቤታሞች ምን ቢያዩ ኖሮ አይሳሳቱም ነበር?
2. የፈረሳችሁን ቁመት በዱላ ለኩ። ስንት ሆነ? ቁጥሩን በደብተራችሁ ጻፉ።
3. በሠፈራችሁ ፈረስ ስንት ኪሎ ይጫናል? ይበዛል ወይስ ልክ ነው? ተወያዩ።