«አያውቁም» የሚባሉት እናቶች

ባለፈው ሳምንት ወላይታ ሶዶ ላይ በአንድ ስብሰባ የሰማሁት ንግግር እስካሁን ያንገበግበኛል። ስለ ሕፃናት መቀንጨር ሲወራ ተውሎ ማጠቃለያው እንደወትሮው ሆነ፦ «ዋናው ችግር የእናቶች ግንዛቤ ማነስ ነው።» ይህን ዓምድ የምትከታተሉ በዚህ ጉዳይ ስንት ጊዜ እንደጮኽኩ ታውቃላችሁ። ዛሬም እጮኻለሁ።

ቤሌ ገበያ እንቁላል የምትሸጥ ወጣት እናት አለች። ያዘለችው ልጅ ዓመት አልፎታል፤ ክንዱ ግን አልሞላም። «ለእሱ አንድ እንኳ አታስቀሪለትም?» አልኳት። «ጋሼ፣ እንቁላል እንደሚበጀው የጤና ኤክስቴንሽኗ ነግራኛለች። ጨውና በቆሎውን ታዲያ በምን ልግዛ? ቤት ያሉት ሦስቱስ ምን ይብሉ?» አለችኝ። አንዱ እንቁላል ለአንድ ልጅ ነው፤ የእንቁላሉ ዋጋ ግን ለአራቱም በቆሎ ይሆናል። ይህችን ሴት ምን ብለን እናስተምራት?

ወላይታን በመኪና የሚያልፍ ሰው ረሃብ አይታየውም። እንሰቱም፣ ስኳር ድንቹም፣ በቆሎውም ለምለም ነው። በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ በወቅቱ ቀርቶ፣ ዘግይቶ ሲመጣ ማሳው አረንጓዴ ለበሰ፤ እሸቱ ሳይደርስ ግን ጤና ጣቢያዎች በከሱና ሰውነታቸው ባበጠ ሕፃናት ተሞሉ። «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለው ያ ነው።

የችግሩ ሥር የመሬት ጥበት ነው። ግማሽ ሄክታር የማይሞላ ማሳ ይዞ ብዙ ልጅ የሚያሳድግ ቤተሰብ ሞልቷል፤ ልጅ ጎጆ ሲወጣ ማሳውም ይከፈላል። በ1960ዎቹ ዋዱ የተባለው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት ሰው ወደ ቤሌ ቆላ ወስዶ ያሰፈረው ደጋው ስለጠበበ ነበር። ግጦሽ ሲጠፋ ላም ትሸጣለች፣ ወተትም ከቤት ይወጣል። የሚቀሩት ቆጮና ሥራ ሥር ናቸው፤ ሆድ ይሞላሉ፣ ፕሮቲናቸው ግን እጅግ ትንሽ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ከጡት ሌላ ምግብ የሚያስፈልገው ሕፃን በቀጭን አጥሚት ይከርማል።

«ከሀብታሞቹ ልጆችም የቀነጨሩ አሉ» እያሉ የሚሞግቱኝ አሉ። አዎ፤ በ2008 ዓ.ም. የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከሀብታሞቹ ከ100 ልጆች 26 ቀንጭረው ተገኝተዋል። ከድሆቹ ግን 45 ናቸው! ያልተጣራ ውሃ ደግሞ ሀብታም ድሃ አይልም። ተቅማጥ የደጋገመው ሕፃን የበላው በሰውነቱ አይቀርም።

ፕላምፒናት የተባለው የሕክምና ምግብ ተሰጥቶት ያገገመ ልጅ የሚመለሰውም ወደዚያው ቤት፣ ወደዚያው ውሃ ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ቃል ገብቷል። ቃሉ የሚጸናው ንጹሕ ውሃ ቀበሌ ሲገባና የሴፍቲኔት ክፍያ ረሃቡ ሳይቀድመው ሲደርስ ነው።

ከሁሉ የከነከነኝ ደግሞ ሌላ ነው፤ በዚያ ስብሰባ «አባት» የሚል ቃል አልተነሳም። ውሃ የምትቀዳው፣ እንጨት የምትለቅመው፣ እንሰት የምትፍቀው፣ ገበያ የምትውለው እናት ናት፤ ልጅ ሲከሳ ተወቃሿም እሷው ናት። እኛ ወንዶች እኮ ቆጣቢዎች ነን። ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ በሬ ዓመቱን ሙሉ በማኅበር እናጠራቅማለን፤ ሴቶቹም ለቅቤ ያጠራቅማሉ። የምኮራበት ባህል ነው፣ ይቀጥል። ያው ማኅበር ግን ለበሬው ከሚያዋጣው ላይ ጥቂት ጨምሮ፣ ሕፃን ላለበት አባል በየተራ የምትታለብ ፍየል ወይም እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ቢገዛ ምን ያግደዋል? ገንዘብ ያዥ አለ፣ መተማመን አለ፣ ልምዱም አለ።

ስለዚህ የሚቀጥለው ስብሰባ አባቶችን ይጥራ፤ ለልጆቻቸው ምን እንዳዋጡም ይጠይቅ። እናቶቹን ማስተማሩ ይብቃ፤ ተምረዋል።