ያልጠጣው ልጅ ራሱን ሲያመው፦ ለፋሲካ ሳምንት የቀረበ ማሳሰቢያ

በፋሲካ ሳምንት ለሚደርስብን ሕመም ሁሉ ምክንያቱ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል። ራስ ምታት ከሆነ የጠጁ ነው። ሆድ ቁርጠት ከሆነ 55 ቀን ቅባት ያላየ አንጀት ደንግጦ ነው። ደረት ላይ ካቃጠለ የዶሮው በርበሬ ነው። ሰው ተንገዳግዶ ከወደቀ ደግሞ ጭራሽ ምክንያቱን የሚጠይቅ የለም። አብዛኛውን ጊዜ ግምታችን ልክ ይሆናል፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ ልክ ባልሆነበት ቀን የሚጠረጥር ሰው አይገኝም። ይህ ማሳሰቢያ አትብሉ፣ አትጠጡ ለማለት አልተጻፈም። ጾሙን የጾመ ሰው አፈታቱንም ያውቅበታል። የተጻፈው «የበዓል ነው» ተብለው ከሚታለፉት ሕመሞች መካከል ለነገ የማይባሉትን ለይቶ ለማሳየት ነው።

ከሁሉም የሚከፋው የከሰሉ ጉዳይ ስለሆነ በእሱ እንጀምር። ቤተ ክርስቲያን ያመሸው ሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ወቅቱ የበልግ ዝናብ የሚጥልበት ነው፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ዶሮው ይቀርባል፣ ቡናው ሳሎን ውስጥ ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ከሩቅ የመጡ ዘመዶች እዚያው ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ይነጠፍላቸውና በሩ ተዘግቶ ይተኛሉ። የከሰል ምድጃው ግን ከጥግ አልወጣም። ፍሙ ቀልቷል፣ ጭስ የለውም፣ ቤቱንም አሙቆታል፤ «ይቆይ፣ ሙቀቱ ጥሩ ነው» ይባላል።

ሰው የሚሞተው በዚህ ጊዜ ነው። ቀይ ፍም ጭሱን ስለጨረሰ ጉዳት የለውም የሚለው እምነት በየቤቱ አለ፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ጭስ ቢኖር ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ መስኮት ያስከፍታል። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። ሲጀምር ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል፣ ጉልበት ይከዳል። ይህ የተሰማው የበዓል እንግዳ ምን እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን፦ «ትናንት አብዝቼ ነበር።» ይልና ተመልሶ ይተኛል። የጠጣ ሰው ደግሞ እንቅልፉ ከባድ ነው፤ ሕመሙም አይቀሰቅሰውም።

መለያው ይህ ነው። መጠጥ የሚያሳምመው የጠጣውን ብቻ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ያደሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ በተለይም ጠጅ ያልቀመሰው ልጅ ወይም ከለስላሳ ሌላ ያልያዙት አያት አብረው ካመማቸው፣ ወጥቶ ንጹሕ አየር ሲያገኝ የሚሻለው፣ ሲገባ የሚብስበት ሰው ካለ፣ ጥፋቱ የብርሌው ሳይሆን የከሰሉ ነው። በሩንና መስኮቱን ከፍታችሁ ሰዎቹን ወዲያውኑ አውጡ። ራሱን የሳተ፣ የሚወራጭ ወይም የሚዘባርቅ ካለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር 939 ነው። ሐኪም ቤት ስትደርሱ ከሁሉ አስቀድማችሁ «ከሰል ባለበት ቤት ነው ያደሩት» በሉ። ጣት ላይ የሚደረገው ተራ የኦክስጅን መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ከጤነኛው አይለይምና ቁጥሩ ደህና ሊመስል ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ካለች እሷ ደህና ነኝ ብትልም መታየት አለባት፤ ፅንሱ ከእሷ ይልቅ ይጎዳል።

መከላከያው ቀላል ነው፦ ቡናው ካበቃ ከሰሉ ይውጣ። መስኮት ገርበብ ማድረግ አይበቃም። ማብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር የምታስነሡም ከበረንዳና ከመስኮት አርቃችሁ ደጅ አስቀምጡት።

በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁም ከዚህ ነጻ አይደላችሁም። አፓርታማ ውስጥ ለቡናና ለዕጣን ከሰል ይለኮሳል፤ ቡናው ሲቆላና ዕጣኑ ሲጨስ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ይጮኻል፤ ከዚያ አንዱ ወንበር ላይ ይወጣና ባትሪውን ያወጣዋል። ብዙ ቤት ያለው መሣሪያ ጭሱንም ካርቦን ሞኖክሳይዱንም የሚጠብቅ አንድ ዕቃ ነው። በዓሉ አልፎ ባትሪው መሳቢያ ውስጥ ሲከርም አይታችሁ ይሆናል። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ማፍላት ነውር የለውም፤ ከሰል ካልነካው ቡና አይባልም የሚሉ እናቶች ይቀየሙ ይሆናል እንጂ።

ወደ ድስቱ እንለፍ። የፋሲካ ዶሮ ወጥ ቅዳሜ ይሠራል፣ ሌሊት ይቀመሳል፣ እሑድ ለእንግዳ ይወጣል። ሰኞ ማዕዶት ነው፣ አክፋይ ይዘው የሚመጡ ይኖራሉ። ማክሰኞ ቶማስ ነው፣ ጎረቤት ይጠራል። ረቡዕ አልዓዛር ነው፤ በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ድስቱ ዕረፍት የለውም። በዚህ ሁሉ መሃል ያ ትልቅ ድስት ስንት ጊዜ ተጥዶ ስንት ጊዜ እንደወረደ የሚቆጥር የለም። ይሞቃል፣ ጥቂት ይጨለፋል፣ የተረፈው ይመለስበታል፣ ተከድኖ ምድጃው ላይ ያድራል።

«ዶሮ ወጥ ቅቤና በርበሬ ስላለበት አይበላሽም» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት አለው። ሽንኩርቱ ውሃውን እስኪጨርስ የተቁላላ፣ ቅቤ የተንሳፈፈበት ወጥ ከተራ ሾርባ ይልቅ ይቆያል። ሆኖም ውስጡ የዶሮ ሥጋና የተቀቀለ እንቁላል አለ። ትልቅ ድስት ደግሞ ላዩ ቢቀዘቅዝም መሃሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባል ባክቴሪያ መፍላትን ችሎ የሚተርፍ ዘር አለው፤ የሚነቃውም ወጡ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ነው። ከበሉት ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣል። ከእጅ የሚመጣው ስታፊሎኮከስ ደግሞ ወጡ ውስጥ መርዝ ይተዋል፤ መርዙን መልሶ ማንተክተክ አያጠፋውም። «በደንብ አፍልቼዋለሁ» የሚለው መተማመኛ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ወጡ ከወረደ በ2 ሰዓት ውስጥ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ ፍሪጅ አስገቡ፤ ለቀረበው ሰው የሚበቃውን ብቻ አውጥታችሁ እስኪንተከተክ አሙቁ፤ የተረፈውን ወደ ዋናው አትመልሱ። ማብራት ቢጠፋ በሩ ያልተከፈተ ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ለወጡ አትሳሱ። ፍሪጅ የሌለው ቤት ከአንድ ትልቅ ድስት ይልቅ ሁለት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ቢሠራ፣ ከሥጋውም ከፊሉን ቋንጣ ቢያደርገው ይሻለዋል። እናቶቻችን ቋንጣ ያደርጉ የነበረው ለጣዕሙ ብቻ አልነበረም።

ጾም የፈታ አንጀት ለአንድ ቀን ቢያጉረመርም አያስገርምም። ተልባ ቀድሞ የሚጠጣበት ቤት ይህን ያውቃል። ነገር ግን ተቅማጡ ደም ካለበት፣ ኃይለኛ ትኩሳት ካለ፣ የጠጡት ውሃ ሁሉ ከተመለሰ፣ ሕፃኑ ዓይኑ ከጎደጎደና ሽንት ካቆመ ይህ የጾም መፍቻ ሕመም አይደለም። ለምለም የሚባለውን ንጥረ ነገር በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ እየበጠበጣችሁ እየሰጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጨጓራ ያለበት ሰው ለራስ ምታቱ ዳይክሎፌናክ ወይም አስፕሪን ውጦ በማግሥቱ ሰገራው ጠቁሮ የሚያጣብቅ ከሆነ እየደማ ሊሆን ይችላል።

አሁን ስለ ሰካራሙ። በበዓል ቤት ጥግ ላይ ያሸለበ ሰው ማንንም አያሳስብም። ግን ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም አንዳንድ የስኳር እንክብሎችን የሚወስድ ሰው ምግብ ሳይቀምስ ከጠጣ ስኳሩ በድንገት ይወርዳል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ቃላት ይምታቱበታል፣ ይቆጣል፣ ይተኛል። ከስካር የሚለየው ነገር በዓይን አይታይም። «ተዉት፣ ይተኛበት» ከተባለ ላይነቃ ይችላል። የስኳር ሕመምተኛ መሆኑን የምታውቁት ሰው እንዲህ ከሆነና መዋጥ ከቻለ ለስላሳ ወይም ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ስጡት። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፤ በጎኑ አስተኙና 907 ደውሉ። በጎን ማስተኛት እውነተኛውን ሰካራምም ትውከቱ እንዳያፍነው ያድነዋል። የት እንደተሠራ ያልታወቀ አረቄ የጠጣ ሰው በማግሥቱ ዓይኔ ጭጋግ ለበሰ ካለ ሜታኖል ሊሆን ይችላል፤ አንድ ቀን መጠበቅ ዓይኑን ሊያሳጣው ስለሚችል በቀጥታ ሆስፒታል ውሰዱት። መኪናውንም ቡና ጠጥቻለሁ ለሚል ሰው አትስጡት። ቡና እንቅልፍ ያባርራል፣ አልኮሉን ግን ከደም አያወጣም፤ ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሰው ላይ ደግሞ እንቅልፍ ማጣቱና አልኮሉ ይደራረባሉ።

የደረቱም ነገር እንዲሁ ነው። ቃር ነው ተብሎ አምቦ ውሃ የሚቀርብለት ሰው ሁሉ ቃር የለበትም። ደረትን ጭምቅ አድርጎ የሚይዝ፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ቀዝቃዛ ላብ የሚያሰምጥ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሕመም የልብ ነው ብላችሁ ጀምሩ፤ ቃር ሆኖ ቢገኝ የምትከስሩት የታክሲ ብቻ ነው። ሴቶችና የስኳር ሕመምተኞች ላይ ደግሞ ሕመሙ ሳይጠና በድካምና በማቅለሽለሽ ብቻ ሊመጣ ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒት ለበዓል ሲባል አይቋረጥም። «ዛሬ እጠጣለሁና ኪኒኑን ልተው» ማለት ከሁለት ክፉ የባሰውን መምረጥ ነው። ጋባዦችም ብትሆኑ፣ ሐኪም ከልክሎኛል ያለን ሰው «አፈር ስሆን» ብላችሁ አታስጨንቁት። ጉርሻው በፍቅር ነው፤ ያን ሰው ግን እምቢ ማለት ቀድሞውኑ አስጨንቆታል።

በግቢው በኩል የምላችሁ ጥቂት ነው። ዶሮ የሚነጭበት የፈላ ውሃ መሬት ላይ ተቀምጦ ልጆች በዙሪያው ይሯሯጣሉ። ከፍ ያለ ቦታ አድርጉት። የተቃጠለውን ልጅ ወራጅ ቀዝቃዛ ውሃ ስር ለ20 ደቂቃ ያዙት፤ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙናና የቡና ዱቄት ቁስሉን ከማመርቀዝ በቀር ጥቅም የላቸውም። ሌሊት ታሞ ያደረ ወይም በድንገት የሞተ በግ «ሳይባክን እንረደው» አይባልም። አባ ሰንጋ ከሆነ ደሙና ሥጋው ይበክላል። ካረደ ከቀናት በኋላ እጁ ላይ የማያምም፣ መሃሉ የጠቆረ ቁስል የወጣበት ሰው ቢላ ነው ብሎ አይለፈው። የታረደው በግ ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካያችሁ ለውሻ አትጣሉ፤ ውሻው የሚበላው ያ ትል ተመልሶ ልጆቻችሁን ነው የሚይዘው። አቃጥሉት ወይም ጥልቅ አድርጋችሁ ቅበሩት።

ቁርጡን በተመለከተ ክርክር አልገባም፤ ተሸናፊ መሆኔን አውቃለሁ። ነገር ግን በቄራ ተመርምሮ ማኅተም የተመታበት ሥጋና ሰፈር ውስጥ በቅርጫ የተከፋፈለ ሥጋ እኩል አይደሉም፤ በቅርጫው ሥጋ ውስጥ የኮሶ ትል የሚያድርባቸውን ትንንሽ ነጭ ከረጢቶች የሚፈልግ ዓይን ብዙ ጊዜ የለም። ማኅተምም ቢኖር ዋስትናው ሙሉ አይደለም። ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናትና አቅም የሚያዳክም ሕመም ያለባቸው ጥብሱን ይብሉ። ሌላው ሰው ግን ይህን ልብ ይበል፦ የኮሶ ትል ከተዋጠ በኋላ አድጎ ቁርጥራጩ ሰገራ ላይ እስኪታይ 3 ወር ገደማ ይወስዳል። የፋሲካው ቁርጥ ጉዳይ ሐምሌ ላይ ይመጣል ማለት ነው፤ ያኔ ደግሞ ፋሲካን የሚያስታውስ የለም። በዚያን ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሰገራ ማስመርመር ይቻላል፤ መድኃኒቱም በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ሲሆን ብዙውን ጊዜ በአንድ ጊዜ ያልቃል። ኮሶውን በግምት እየበጠበጡ መጠጣት መጠኑ ሲበዛ ራሱ ይመርዛል።