ቴሌቪዥኑ ወደ ጠጋኝ ከመሄዱ በፊት

በአቃቂ ቃሊቲ ከፋብሪካ ፈረቃዋን ጨርሳ የምትገባ እናት «የቴሌቪዥኑ ቀለም ተበላሽቷል» ሲሏት አስቀድማ የምታስበው ለጠጋኝ የሚወጣውን ገንዘብ ነው። ውድ አንባቢያችን፣ ዕቃውን አሸክመው ከመውጣትዎ በፊት ጥቂት ይታገሡ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ የቀለም ሥርጭት የመጣው ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ ነው። ዝግጅት ከመጀመሩ በፊት በመስኮቱ ላይ ይቆሙ የነበሩትን ባለ ቀለም ቋሚ መስመሮች ያስታውሷቸው ይሆናል። እነዚህ መስመሮች በካሜራ የተነሡ ሥዕሎች አይደሉም፤ መሣሪያ በኤሌክትሪክ የሚፈጥራቸው ናቸው። ስለዚህ ምን መምሰል እንዳለባቸው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ እንደ ሚዛን ድንጋይ ማለት ነው። ተራቸውም ከግራ ወደ ቀኝ ነጭ፣ ቢጫ፣ ውሃ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ጥቁር ነው።

ዛሬም አንዳንድ የሳተላይት ጣቢያዎች ዝግጅት በሌላቸው ሰዓት ያሳዩዋቸዋል። ካልተገኙም ከስልክ ወደ ፍላሽ ገልብጦ ቴሌቪዥኑ ላይ መሰካት ነው፤ ይህን ልጅዎ ሳያውቀው አይቀርም።

በመጀመሪያ በሪሞቱ ቀለሙን ፈጽመው ያጥፉት። መስመሮቹ ከነጭ ወደ ጥቁር እንደ ደረጃ እየጨለሙ መውረድ አለባቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ተዋሕደው አንድ ከመሰሉ ብርሃኑ አንሷል፤ ጥቁሩ አመድ ከመሰለ ግን በዝቷል። አዲስ ቴሌቪዥን ሱቅ ውስጥ ዓይን እንዲስብ ከልክ በላይ ደምቆ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ በጠባብ ክፍል ማታ ዓይን ያደክማል፣ ኤሌክትሪክም ይፈጃል።

ከዚያ ቀለሙን ይመልሱ። ቢጫው አረንጓዴ፣ ቀዩ ደግሞ ጥቁር ከሆነ ቀይ ቀለም አልደረሰም ማለት ነው። በትምህርት ቤትና በሠርግ አዳራሽ ፕሮጀክተር ላይ ይህ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የገመዱ ነው፤ አንዲት የተጣመመች እግር ትበቃለች። ቀለም ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ የሪሲቨሩ አሠራር «ፓል» በሚለው ላይ መሆኑን ይዩ። መስመሮቹ ደህና ሆነው አንድ ጣቢያ ብቻ ቀለሙ ከተዛባ፣ ጥፋቱ የጣቢያው ነውና አይድከሙ።

ገመድ ተለውጦም መስመሮቹ ከተዛቡ ያን ጊዜ ጠጋኝ ይጥሩ፤ የትኛው ቀለም እንደጠፋም ይንገሩት። የኋላ ክዳኑን ግን እርስዎ አይክፈቱ፤ ከኋላው ወፍራም የሆነው የድሮ ቴሌቪዥን ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል።